«አሳደደኝ» አላለችም

በፍርድ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ክርክር ስትተይብ የኖረች ሴት ነበረች። ባልደረቦቿ «አራት ነጥብ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በተቀጠረች በዓመቷ ነው። አንድ ጠበቃ ንግግሩን በእንጥልጥል ትቶ ሲቀመጥ ከጠረጴዛዋ ቀና አለችና «ጌታዬ፣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ አራት ነጥቡን የት ላድርገው?» ብላ ችሎቱን በሳቅ አፈረሰችው። ጠበቃው ተቆጣ፣ ዳኛው ፈገግ አሉ፣ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

እሷ ግን የምሯን ነበር። ያደገችው በአራሚ ቤት ነው። አባቷ በማተሚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሰው የጻፈውን ሲያርሙ የኖሩ ናቸው። ልጆቻቸውን የሚቆጡት ብርጭቆ ሲሰብሩ ሳይሆን ቃል ያለቦታው ሲያውሉ ነበር። «እየሮጥኩ መጣሁ» ያለቻቸው እንደሆነ «ሮጥሽ ወይስ ፈጠን ፈጠን አልሽ? ላብሽን እስቲ ልየው» ይሏታል። አሁን ዐይናቸው ደክሟል። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረው ነው የሚኖሩት። ከሥራ ስትመለስ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች፤ እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው በጆሯቸው ስሕተት ይለቅማሉ።

እንግሊዝኛውን የተማረችው ለብቻዋ ነው። አባቷ ጡረታ ሲወጡ ከማተሚያ ቤቱ ይዘውት የመጡት አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበር፤ ሽፋኑ ተገንጥሎ፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች አይጥ በልቷቸው። ባልደረቦቿ ምሳ ሰዓት ላይ ወሬ ሲሰልቁ እሷ በቀን አሥር ቃል ታጠናለች። ሕልሟ ከትየባ ወንበር ተነሥታ ከምስክሩ ጎን መቆም፣ አስተርጓሚ መሆን ነበር። ሁለት ጊዜ ተፈተነች፣ ሁለቴም ወደቀች። ማንበብና መጻፉ አልቸገራትም። በቃል ፈተናው ግን ቃል ሲወረውሩላት ታገላብጠዋለች፣ ትመዝነዋለች፣ በዚህ መሃል ሰዓቱ ያልቅባታል። ፈታኞቹ ከውጤቷ ግርጌ ሁለቴም «ዘገምተኛ ናት» ብለው ጻፉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአንድ የመናኸሪያ ተሸካሚ መዝገብ ከነድምፅ ቅጂው ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጥቂት ወራት ነርሶችን ልታስተምር የመጣች አንዲት የውጭ አገር ሴት ከአውቶቡስ ወርዳ ሻንጣዋን ለአንድ ተሸካሚ ትሰጠዋለች። ተሸካሚው ከሃምሳ ዓመት ያለፈ፣ ግዙፍ፣ ፊቱ ለማያውቀው ሰው የሚያስፈራ ነው። ሻንጣውን በጋሪው ገፍቶ ከመሥሪያ ቤቷ መኪና ላይ ይጭንላታል። መኪናው ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ እሷ ገበያውን ላየው ብላ በእግሯ ትቀራለች። ተሸካሚው ጋሪውን ሲያዞር ከገመዱ ሥር አንድ የቆዳ የወረቀት መያዣ ተረስቶ ያገኛል። ይዞት ከኋላዋ ይሄዳል። ሴትየዋ ዞር ስትል አንድ ግዙፍ ሰው እየጮኸ ወደሷ ሲመጣ ታያለች፤ ትደነግጣለች፤ እርምጃዋን ታፈጥናለች፤ ከድልድዩ ደረጃ ላይ እግሯ ይስታትና ወድቃ የእጅ አንጓዋ ይሰበራል። ሰው ግር ብሎ ሲደርስ ንብረቷ በሰውየው እጅ ነው። «ሌባ!» ተባለ። ክሱም የውንብድና ሙከራ ሆነ። «ልመልስላት ብዬ ነው» ቢል ማን ይስማው? የተያዘ ሁሉ እንዲያ ይላል። እነሆ አምስት ሳምንት እስር ላይ ነው፤ ውሳኔው ለዓርብ ተቀጥሯል።

አራት ነጥብ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ መተየብ ጀመረች። ደንቡ ግልጽ ነው፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው አስተርጓሚው የተናገረው ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ከሥር እንደ ጅረት ቢፈስም እንደሌለ ይቆጠራል። የእሷ ጆሮ ግን ሁለቱንም ይሰማል።

ሴትየዋ «ሂ ፎሎውድ ሚ» አለች። አስተርጓሚው ወዲያው «እስከ ድልድዩ ድረስ አሳደደኝ» አለ።

ጣቶቿ ቆሙ። ወደኋላ መልሳ ሰማችው። ያው ነው። ቀጠለች። ዳኛው «የዛቻ ቃል ተናግሮሻል?» ብለው ጠየቁ። አስተርጓሚው ጥያቄውን አንበልብሎ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሴትየዋ «ሶሪ፣ አይ ዶንት ፎሎው» አለች። አስተርጓሚውም «ይቅርታ፣ እኔ አልተከተልኩትም» አለ። ዳኛው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ።

አራት ነጥብ ማዳመጫውን አወለቀች። ሴትየዋ ያለችው «ይቅርታ፣ ጥያቄው አልገባኝም» ነበር።

ያንን ቦታ ሰባት ጊዜ ሰማችው። ከዚያ መዝገበ ቃላቱን ከመሳቢያዋ አወጣች። «ፎሎው» የሚለው ቃል አንድ ዓምድ ተኩል ይዟል። ከኋላ መሄድም እሱ ነው፤ ተራ ጠብቆ መምጣትም እሱ ነው፤ ትእዛዝ ማክበርም፣ ጉዳይን በዐይን መከታተልም፣ የሰው ንግግር መረዳትም፣ አንዱ ነገር ሌላውን ማስከተሉም እሱው ነው። የቋንቋው ባለቤቶች ማሳደድ ሲሉ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቃል አላቸው፤ ማደን ሲሉም ሌላ፤ ተደብቆ ዱካ መከተል ሲሉም ሌላ። ሴትየዋ ከነዚያ አንዱንም አልተጠቀመችም። ምናልባት ማሳደድ ማለቷ ይሆናል፤ ምናልባትም አይደለም። የጠየቃት ግን የለም።

በሻይ ሰዓት አስተርጓሚውን ፈለገችው። ዘናጭና ተጫዋች ሰው ነው። ምላሱ ፈጣን ስለሆነ ዳኞቹ ይወዱታል፤ እሱ የገባበት ችሎት ቶሎ ይነሣል።

«ወንድሜ፣ የተሸካሚውን መዝገብ እየተየብኩ ነበር» አለችው።

«እሺ፣ ምን ሆነ?»

«ሴትየዋ አሳደደኝ አላለችም።»

«ታዲያ ምን አለች?»

«ተከተለኝ ነው ያለችው።»

ስኳሩን እያማሰለ ሳቀ። «እህቴ፣ ተከተለም አሳደደም ያው ነው። ሁለቱም ከኋላ ነው።»

«ጥላም ከኋላ ነው፣ ጅብም ከኋላ ነው። ያው ናቸው?»

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ፍርፍር ብለው ሳቁ። የአስተርጓሚው ፊት ልውጥ አለ።

«ስሚ» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ፈተናውን ሁለቴ የወደቀ ሰው እኔን አያርመኝም።»

ጠረጴዛውን ለቃ ከመሄዷ በፊት ግን «እውነትህን ነው፣ ወድቄያለሁ» አለችው። «ሰውየው ግን የታሰረው በእኔ ፈተና አይደለም።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ገባች። ኃላፊዋ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር ግን ደንብ ከወጣበት መስመር ዝንፍ ሲል ራሷን ያማታል።

«የተባለውን ነው የምትጽፊው፣ ወይስ መባል የነበረበትን?» አለቻት።

«የተባለውን። የተባለው ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ብቻ ነው የሚጻፈው።»

«የኔ እመቤት፣ ይሄ የኛ ሥራ አይደለም። ለዳኛው ማመልከት መብትሽ ነው፣ አልከለክልሽም። ተሳስተሽ ከተገኘሽ ግን በችሎት ሥራ ጣልቃ ገባች ተብለሽ ትታገጃለሽ። የጡረታሽን ነገር አስቢ።»

ቤቷ ስትደርስ አባቷ በመስኮቱ በኩል ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ጋዜጣውን ከፍታ አንድ ዐምድ እንዳነበበች «ዛሬ ድምፅሽ ሌላ ቦታ ነው» አሏት። ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ልንገርሽ» አሏት። «አንድ ጊዜ የከብት መድኃኒት ወረቀት አርም ነበር። ‹አሥር ማንኪያ› ይላል። በዛብኝ። ‹አንድ› ሊሆን ይችላል ብዬ አለቃውን ጠየቅሁት። ደንበኛው በር ላይ ቆሟል፣ እንደ ተጻፈው ይታተም አለኝ። ታተመ።»

«ከዚያስ አባዬ?»

«ከዚያማ ምን አውቄ! ትክክል ይሁን ስሕተት፣ ስንት ከብት ይሙት አንድም አይሙት፣ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን እንዳስከተለ ሳላውቀው አለሁ። ስሕተት ከሆነም ስሕተቱ የእኔ አልነበረም። ዝም ማለቱ ግን የእኔ ነው።»

«ቢያግዱኝስ?»

«ቢያግዱሽማ እቤት ቁጭ ብለሽ ሙሉውን ጋዜጣ ታነቢልኛለሽ» አሉና ሳቁ። ወዲያው ኮስተር ብለው «ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እነሱ ሮጠዋል፤ አንቺ ቀስ ብለሽ አሥሪው» አሏት።

ማመልከቻውን እራት ሳይቀርብ ጻፈችው። አንድ ገጽ። አስተርጓሚውን አልከሰሰችም፣ ተሸካሚውንም ንጹሕ ነው አላለችም። ሁለቱን ቦታዎች ከነደቂቃቸው አሰፈረች፤ የቃሉን ትርጉሞች በሌላ ወረቀት ለብቻ አያያዘች። አባቷ ሦስት ጊዜ አስነበቧትና አንድ ቅጽል አስወጧት።

ማክሰኞ ጠዋት ዳኛው ቢሮ ገባች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው ነበር።

«አነበብኩት» አሉ። «ለመሆኑ ሴትየዋ ምን ማለቷ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?»

«አስተርጓሚውም አያውቅም። ቃሉ ብዙ ነገር ይሆናል። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት፤ ሊጠይቋት የሚችሉት ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወረዱ። ድምፁን አስመጥተው ሰሙት። ሁለተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት። የእሳቸውም እንግሊዝኛ ይህን ለመስማት ይበቃል፤ የዚያን ዕለት ግን ዐይናቸው ወረቀት ላይ ነበር።

«ጥያቄዬ መልስ አላገኘም ማለት ነው?»

«አላገኘም።»

«እኔም ሳይመለስልኝ አለፍኩ።» ብዕራቸውን አነሡ። «ነገ ከሰዓት በኋላ ምስክሯ በድጋሚ ትቅረብ።»

መጥሪያውን የያዘው መላላኪያ ግን አመሻሹ ላይ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሴትየዋ ካረፈችበት ቤት ለቅቃለች። ሐሙስ ጠዋት ወደ አገሯ ትበራለች። ስልኳ ተዘግቷል። «እንግዲህ ምን ይደረጋል!» ብሎ መጥሪያውን የኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

አራት ነጥብ ጥርሷን ነከሰች። «መጥሪያውን ለእኔ ስጪኝ፤ ነገ ጠዋት ፈቃድ እፈልጋለሁ» አለች።

«እስከ አራት ሰዓት ብቻ» አለች ኃላፊዋ፣ ዐይኗን ከወረቀቷ ሳታነሣ።

ረቡዕ ጠዋት ወገቧን ታጥቃ ወጣች። መጀመሪያ የሄደችው ሴትየዋ አርፋበት ወደነበረው ቤት ነው። ጠባቂው የት እንደሄደች አያውቅም፤ የእጇን ጀሶ ልታሳይ ክሊኒክ እሄዳለሁ ስትል ግን ሰምቷል። የቱ ክሊኒክ? እሱን አልሰማም። በአካባቢው ሦስት ክሊኒኮች አሉ። አንደኛው ካርድ ክፍል «የሉም» አላት። ሁለተኛው ሳያያት «ተሰለፊ» አላት፤ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ «የሉም» አላት። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ጫማዋ ተረከዟን ልጦት ነበር። እዚያ ያገኘቻት ነርስ የሴትየዋ ተማሪ ሆና ተገኘች። «አሁን ከግማሽ ሰዓት በፊት ወጣች እኮ! ተማሪዎቹን ልትሰናበት ትምህርት ቤት ሄዳለች» አለቻት። አራት ሰዓት አልፏል። ፈቃዷም አልቋል። ታክሲ ውስጥ ገባች።

የነርሶች ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሴትየዋ እጇን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተማሪዎቿ መሃል ቆማለች። አራት ነጥብ መንገዱን ሙሉ ስታሰናዳው በመጣችው እንግሊዝኛ ማን እንደሆነች ነግራ መጥሪያውን ሰጠቻት። ሴትየዋ አነበበች፤ ፊቷ ነጣ።

«ያ ሰውዬ እስካሁን ታስሯል?» አለች በቋንቋዋ። «አምስት ሳምንት? እኔ እኮ እሱ ያን ቀን...»

አራት ነጥብ እጇን አነሣች። መስማት ፈልጋለች። ሁለት ቀን የተንከራተተችበት ቃል የሴትየዋ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሷል። ነገር ግን እዚህ ግቢ ውስጥ፣ ለእሷ የተነገረ ቃል በኋላ ችሎት ላይ «ማን አስጠናት?» ያስብላል።

«ለእኔ አይደለም» አለቻት። «እባክሽ፣ ለዳኛው ንገሪ።»

ከሰዓት በኋላ ችሎቱ ሞላ። ተሸካሚው ከፖሊሱ አጠገብ ትከሻውን ሰብስቦ ተቀምጧል። አራት ነጥብ ጥግ ላይ ባለችው የትየባ ጠረጴዛዋ ነበረች። አስተርጓሚው ሲገባ አላያትም፤ ወይም ያላያት መሰለ።

ዳኛው «ከመናኸሪያው እስከ ድልድዩ የሆነውን በድጋሚ ንገሪን» አሉ። ሴትየዋ ተናገረች። ያ ቃል እንደገና መጣ። አስተርጓሚው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ችሎቱ ጠበቀው። እሱ ሲዘገይ አይተው የማያውቁት ጠበቆች ተያዩ።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ በመጨረሻ፤ «ቃሉ ከአንድ በላይ ፍቺ አለው። ምስክሯን ላጣራ ይፈቀድልኝ።»

«ተፈቅዷል።»

ጠየቃት። መለሰች። እሱም አንድ በአንድ ተረጎመው፤ «ከኋላዬ ሲመጣ ነበር። ሲሮጥ አላየሁትም። መሮጥ የጀመርኩት እኔ ነኝ። የቆዳ መያዣዬን ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ምን እንደሆነ አላስተዋልኩም። ፊቱን ብቻ ነው ያየሁት።»

«የዛቻ ቃል ተናግሯል?» አሉ ዳኛው። ይኸኛው ጥያቄ ቀስ ብሎ ነው የተተረጎመው።

«አንድ ቃል ደጋግሞ ይጮኽ ነበር። በትክክል ይዤዋለሁ ብዬ አልምልም፤ ግን አልረሳሁትም። እስከ ዛሬ በእንቅልፌ እሰማዋለሁ።»

«ምን የሚል ቃል?»

ሴትየዋ ትንፋሿን ሳበች። ከዚያ ቃሉን በማያውቀው አንደበቷ፣ ያን ቀን እንዳስፈራት አድርጋ፣ «ኢቲዬ! ኢቲዬ!» አለች።

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ችሎቱ በሙሉ ገነፈለ። ፖሊሱ ሳይቀር ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ። ሴትየዋ ግራ ተጋብታ ዙሪያዋን አየች።

«ይተርጎምላት» አሉ ዳኛው፤ ከንፈራቸውን ለመሰብሰብ እየታገሉ።

አስተርጓሚው ነገራት፤ «እትዬ» ማለት ታላቅ እህትን፣ ወይም የሚያከብሩትን ሴት የሚጠሩበት ነው አላት። ሴትየዋ በደህናው እጇ አፏን ሸፈነች።

ተሸካሚው ሳይጠየቅ ብድግ አለ። «ታዲያ ሌላ ምን ብዬ ልጥራት፣ ጌታዬ?» አለ። «ስሟን አላውቅ!» ይህን ብሎ፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። የሳቀው ሁሉ ዝም አለ።

አራት ነጥብ ትተይብ ነበር። እንባዋ ቁልፎቹ ላይ ቢወርድም አንድ ፊደል አልሳተችም።

ዓርብ ዕለት ተሸካሚው በነጻ ተለቀቀ። ሁሉም ነገር ግን እንደነበረ አልተመለሰለትም። መናኸሪያው ላይ ተራውን ሌላ ሰው ይዞታል፤ ጋሪውም የት እንደገባ ጠፍቷል። ወደ ቀድሞ ቦታው እስኪመለስ ሦስት ወር እህል መጋዘን ጆንያ ተሸከመ። አንድ ቀን ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠብቆ አራት ነጥብን እጅ ነሣትና የሚለው ጠፍቶበት «እህቴ፣ ዕቃ ካለሽ...» አላት። ዕቃ አልነበራትም። የያዘችውን የወረቀት ክምር ሰጠችውና እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ይዞላት ሄደ፤ ደስ እንዲለው።

እሷስ? በመጀመሪያ የደረሳት ከተፈቀደላት ሰዓት በላይ ከሥራ ገበታዋ ላይ ስላልተገኘች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። ኃላፊዋ ደብዳቤውን ስትሰጣት «ደንብ ነው» አለቻት፤ ቀጥላም «ፕላስተር አምጥቼልሻለሁ፣ ለተረከዝሽ» አለቻት። ከሁለት ወር በኋላ፣ በአስተርጓሚ የተሰጠ የምስክር ቃል ከውሳኔ በፊት ከድምፁ ጋር እንዲመሳከር የሚል ትእዛዝ ወጣ። ማን እንዳሳሰበ አልተጻፈበትም።

አስተርጓሚው ሁለት ሳምንት አኮረፋት። በሦስተኛው ሳምንት ሻዩን ይዞ ከፊቷ ተቀመጠ። የሚለው ብዙ ነገር የነበረው ይመስላል፤ ያወጣው ግን አንድ የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። «ይችን ቃል» አለ፣ «አንቺ ብትሆኚ ምን ትያት ነበር?» ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረችና አብረው አዩዋት።

ፈተናውን ለሦስተኛ ጊዜ ወሰደች። አሁንም በሰዓቱ ተሸነፈች። አባቷ ውጤቱን ሲሰሙ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» ብቻ አሉ። ለአራተኛው ስትዘጋጅ አስተርጓሚው ራሱ ምሳ ሰዓቱን እየሠዋ በቃል አለማመዳት፤ ትዘገያለች ብሎ ይጮኽባታል፣ እሷም ትቸኩላለህ ብላ ትጮኽበታለች። በአርባ አምስት ዓመቷ፣ ከማለፊያው ነጥብ በሁለት ብቻ በልጣ አለፈች።

የመጀመሪያ ችሎቷ የአንድ የግንባታ ክርክር ነበር። ምስክሩ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ገና ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ቃል ተናገረ፤ ጠበቃው ቀና ብሎ ይጠብቃታል። አፏን ልትከፍት ስትል የቃሉ ሁለት ፍቺዎች ከፊቷ ታዩዋት። ጠበቃው ሰዓቱን አየ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩን አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። እስኪፈቀድላት ቆመች፤ ሲፈቀድላትም ፊቷን ወደ መሐንዲሱ አዞረች።